ሐር የያዘ መዳፍ

የዚያችን አገር ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ "የለም፣ እሷ እንኳ አይደለችም" ብላችሁ ትሟገቱኛላችሁና ይቅርብኝ። እኔ በአንዲት ከተማዋ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ኖሬአለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ማን እንደነገረኝ ጠርቼ እጽፋለሁ። ቁጡ ነህ ይሉኛል። እስቲ እናንተም ሃያ ሦስት ዓመት የሹማምንት ደብዳቤ ገልብጡና ሳትቆጡ አሳዩኝ!

በዚያች አገር የትምህርት ቤት አለቃ "ሊቀ ጠመኔ" ይባላል። ሊቀ ጠመኔ ለመሆን አሥራ ሁለቱን ክፍል መጨረስ፣ መጻሕፍቱን በቃል መያዝና ድምፅን ማሳመር ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን መዳፍ ያስፈልጋል። በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ የመዳፍ ቀን የሚባል በዓል አለ። የትምህርት ሁሉ የበላይ ከሆነው ከሰሌዳ ቤት አንድ ሹም ይመጣል፤ ማዕረጉ "መዳፍ ተመልካች" ነው። በትሪ ላይ አንድ ክንድ ቀጭን ሐር ይዞ ይመጣል። ሊቀ ጠመኔዎቹ ተሰልፈው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ሹሙም ሐሩን በመዳፋቸው ላይ ይጎትታል። ሐሩ ተንሸራቶ ካለፈ ሕዝቡ ያጨበጭባል። መዳፉ ሻክሮ ክሩን ከያዘው ግን ሰውዬው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ይሻራል። እጁ የሻከረ ሰው ሥራ ሠርቷል ማለት ነው፤ ሥራ የሠራ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት አላነበበም ማለት ነው። ሕጉ ይኸው ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

አንድ ደግ ሊቀ ጠመኔ ሚስታቸው ወልዳ ሳለ አርባ ቀን ሙሉ ውሃ ቀዱላትና በዚያው ዓመት ተሻሩ። ለሚስትየው የእንኳን ማርያም ማረችሽ ደብዳቤ፣ ለባልየው የስንብት ደብዳቤ በአንድ ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የእኛዋ ሊቀ ጠመኔ ወይዘሮ ትርንጎ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መዳፋቸውን ዘርግተው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጨብጭቦላቸዋል። ሻንጣቸውን የምሸከም እኔ፣ ብርቱካናቸውን የምልጥ እኔ፣ ጃንጥላ እንኳ የምዘረጋላቸው እኔ ነበርኩ። ኩራተኛ ነበሩ፤ አልዋሽም። ክፉ ግን አልነበሩም። ከስድስት መቶው ተማሪ እያንዳንዱን በስሙ፣ ከነእናቱ ስም ያውቁታል። አንዱ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ከቢሯቸው መስኮት ፊት ለፊት አንድ ረጅም ግንብ አለ። የተጠባባቂዎች ግንብ ይባላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሁሉ ሰሌዳ ቤት እስኪጠራው ድረስ እዚያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰሌዳ ቤት የጠራው ሰው እኔ በበኩሌ አላየሁም። መጠበቁ ግን ደረጃ አለው፤ አራት ዓመት ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ዛፍ ወደሚያጠላበት ወገን ይዛወራል፣ ያን ዕለትም ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ይደገሳል። የሚያፈስ ጣሪያ የሚደፍን፣ የወለቀ መስኮት የሚመልስ ግን ከአንድ አናጺ በቀር በከተማው አልነበረም። የተማረው ግንቡ ላይ ነው፤ ያልተማረው ደግሞ የሚያስተምረው አጣ። በአገሩ ሁሉ ግጥም ብሎ የሚዘጋ በር ማግኘት ብርቅ ነበር።

ወይዘሮ ትርንጎ አንዳንድ ቀን መስኮቱ አጠገብ ቆመው ግንቡን ያያሉ። "አየህ ጸሐፊ፣ ያ ሦስተኛው የእኔ ተማሪ ነበር። ሒሳብ እንዴት ይችል ነበር መሰለህ! አንጀቴን ይበላኛል" ይሉኛል። እኔም "ቢያንስ ወደ ጥላው ተጠግቷል እትዬ" እላቸዋለሁ። ምን ልበል ታዲያ?

አንድ ጠዋት ከሰሌዳ ቤት በአንድ ፖስታ ሁለት ደብዳቤ መጣ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ ከእንግዲህ ትምህርት ቤቶች ከመጽሐፉ ጎን የእጅ ሙያ ያስተምራሉ። ሊቀ ጠመኔዎች የማያውቁትን ሊመሩ አይችሉምና አስቀድመው ሠላሳ ቀን ከሙያው ጋር ይተዋወቃሉ። በመጪው የመዳፍ ቀን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሊቀ ጠመኔው መሪነት፣ በተማሪዎቹ እጅ የተሠራ፣ የሚዘጋ አንድ በር ያሳያል። ማሳየት ያልቻለ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል። ሁለተኛው ደብዳቤ ደግሞ የመዳፍ ሕግ እንደጸና መሆኑን ያስታውስና ዘንድሮ ሐሩ ካምናው የቀጠነ እንደሚሆን ይገልጻል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ የተፈረሙ ናቸው።

ወይዘሮ ትርንጎ ሦስት ጊዜ አነበቡት። "እስቲ አንተ አንብበው። ምን ይላል?"

"የሚለውን ነው የሚለው እትዬ።"

"ሥሩ ነው ወይስ አትሥሩ?"

"ሥሩ፣ ግን አትንኩ ነው የሚመስለው።"

ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። የእኛ ጎረቤት ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ነው። ወንዙ ክረምት ሲሞላ ሰው ይወስዳል። ከተቀላቀልን ከስድስት መቶው ልጅ ግማሹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ቤታቸው መቅረታቸው ነው። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። "በር እኮ ነው የተባልነው፣ ቤተ መንግሥት አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "እናነባለን፣ እናውቃለን፣ እናሠራለን።"

መተዋወቁ ተጀመረ። የአሥራ አንድ ትምህርት ቤት ሊቀ ጠመኔዎች የከተማው የመጨረሻ አናጺ ወደሆኑት ወደ ጋሽ ድንቁ ተላክን፤ ተላክን የምለው እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ስለነበርኩ ነው። ማንም ሳያስበው ዕቃ እንዳይነካ በግቢው መሐል ገመድ ተወጠረ። ሊቀ ጠመኔዎቹ ከገመዱ ወዲህ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆሙ። ጋሽ ድንቁ ከገመዱ ወዲያ ጣውላ ይልጋሉ። እኛ ጸሐፊዎቹ ከጀርባ ሆነን የሚባለውን እንጽፋለን።

የማዶው ትምህርት ቤት አለቃ አቶ አምኃ እጃቸውን ማውጣት ስለማይችሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠየቁ። "የመጋዙ ጥርስ ስንት ነው?"

ጋሽ ድንቁ ቀና አሉ። "ጌታዬ፣ ቆጥሬው አላውቅም።"

ሊቀ ጠመኔዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አርባ ዓመት የያዘውን መጋዝ የማያውቅ ሰው! ከንፈር መጠጡላቸው። ወዲያው መጋዙ በሰሐን ቀርቦ በእኔ ተቆጠረና ተጻፈ። በአምስተኛው ቀን ሥርዓተ ትምህርት ወጣ። "መዶሻ ትናንት፣ ዛሬና ነገ" የሚል ምዕራፍ ነበረው፤ "የምስማር ዓይነቶችና ጠባያቸው" የሚል ሌላ ምዕራፍ ነበረው። እንጨት እንዴት እንደሚቆረጥ የሚናገር ምዕራፍ ግን ቦታ ጠበበውና ቀረ። በሠላሳኛው ቀን ፈተና ሆነ። ወይዘሮ ትርንጎ ከመቶ ዘጠና ስምንት አምጥተው አንደኛ ወጡ። ለፍትሐዊነት ሲባል ጋሽ ድንቁም ተፈትነው ነበር። ሠላሳ አንድ አምጥተው ወደቁ።

"አይዞህ፣ በርታ" አሏቸው ወይዘሮ ትርንጎ፣ አንተ ብለው።

"እሺ እመቤቴ" አሉ ጋሽ ድንቁ፤ ወደ ጣውላቸው ተመለሱ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ወርክሾፕ ተከፈተ። መጋዙ፣ መላጊያው፣ መሮው አዲስ ሆኖ መጣና እንዳይጎዳ መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ተቆለፈበት። ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ በሰልፍ እየመጡ በመስታወቱ ውስጥ ያዩና የእያንዳንዱን ስምና ጠባይ በቃላቸው ይወጣሉ። እንዴት ያምር ነበር! አንዱ ልጅ መሮን ሲያነበንብ እኔ ራሴ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

በሩ የሚሠራበት ጊዜ ሲደርስ ቁም ሣጥኑ የግድ ተከፈተ። ወይዘሮ ትርንጎ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን እያነበቡ ያዛሉ፣ ልጆቹ ይቆርጣሉ። መጽሐፉ "የበር ልክ ማለት የመቃኑ ልክ ነው" ይላል። ስለዚህ የሰባተኛ ክፍልን መቃን በሜትር ለኩና በሩን በትክክል፣ ፀጉር ሳያጎድሉ፣ በዚያው ልክ ቆረጡት። በተገጠመበት ቀን አልገባም አለ። ሃያ ልጅ ትከሻውን ሰጥቶ ገፋው። ግማሽ ድረስ ገባና ቀጥ አለ። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ! ሠላሳ አራት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ውስጥ ቀረ። ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም፤ በመስኮት ተሰጠ። ምሳም በመስኮት ገባ። ማምሻውን ልጆቹ ራሳቸው በመስኮት ተራ በተራ ወጡ።

በማግስቱ ጋሽ ድንቁ ተጠርተው መጡ። በሩን ዞረው አዩት። መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን ያዙ፣ በመጨረሻ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ክፍተት የታለ? እንጨት እኮ ክረምት ያብጣል! በዚህ በኩል ሁለት ሚሊ፣ ከሥር ደግሞ ጣት የሚያስገባ አትተዉለትም?"

"መጽሐፉ ላይ የለም" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

"መጽሐፉን የጻፋችሁት እኮ እናንተ ናችሁ እመቤቴ።"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቢሮው በር ላይ አንዲት ልጅ ቆመች። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ዓይኗን የማትሰብር። ያን በር ስትቆርጥ የዋለችው እሷ ናት።

"እትዬ፣ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ አባቴ ወንዝ አሻግሮ አይሰደኝም። እኔን ብቻ አይደለም፣ የሰፈራችን ሴት ልጅ ሁሉ ትቀራለች። እውነቱን ይንገሩኝና ቁርጤን ልወቅ። በር መሥራት ያውቃሉ?"

እኔ "አንቺ! ማንን እንደምታናግሪ..." ብዬ ልነሳ ስል ወይዘሮ ትርንጎ በእጃቸው አስቀመጡኝ።  በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገሩ።

"አላውቅም።"

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ወይዘሮ ትርንጎ የበሩን ጀርባ ሲያዩ ቆዩና ድንገት ብድግ አሉ። "ጃንጥላውን ተወው። ና ተከተለኝ።"

ጋሽ ድንቁ ሲልጉ ደረስንባቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ያን ገመድ፣ ማንም ሳይፈታው እዚያው የቀረውን፣ በእጃቸው ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉ። እኔ ከወዲህ ቀረሁ፤ ፈርቼ ነው።

"ጋሽ ድንቁ፣ ያስተምሩኝ።"

አንቱ ሲሏቸው ጋሽ ድንቁ ደንግጠው መላጊያውን አስቀመጡ። "ዘጠና ስምንት አምጥተው?"

"አይቀልዱብኝ። በእጄ ነው የምለው።"

"እመቤቴ፣ እጅዎን ይዩት እስቲ። የአራስ ልጅ ጉንጭ አይደለም? አንድ ሳምንት መላጊያ ቢይዙ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይፈነዳል፣ ከዚያ ይጠጥራል። ሐሩ ይይዝዎታል። በእኔ ምክንያት ከወንበርዎ ሊነሱ? የለም፣ እኔ የሰው እንጀራ አልዘጋም።"

"ስድስት መቶ ልጅ አለብኝ" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። "የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አዘዝኳቸው፤ እነሱም አምነውኝ ቆረጡ። ልጅቷ ዓይኔን እያየች ስትጠይቀኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከወንበር መነሳት እንዲህ ያሳፍራል ብለው ነው?"

ጋሽ ድንቁ መላጊያውን አነሱና እጀታውን ወደ እሳቸው አዞሩት።

እኔ ከገመዱ ወዲህ ሆኜ "እትዬ! እትዬ ኧረ በማርያም!" አልኩ። ማን ሰምቶኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ድንቁ ከሰዓት ከሰዓት ወርክሾፑ እየመጡ ወይዘሮ ትርንጎንና ተማሪዎቹን አንድ ላይ አስተማሩ። ቁም ሣጥኑ ከእንግዲህ አይቆለፍ ተባለና ቁልፌን ተቀበሉኝ። እንዴት እንደተቆጣሁ! በመጀመሪያው ሳምንት ሊቀ ጠመኔያችን አንድ ጣውላ ሊልጉ ሁለት አበላሹ። በሁለተኛው ሳምንት አውራ ጣታቸውን በመዶሻ መቱና ከሊቀ ጠመኔ አፍ የማይወጣ ነገር ወጣ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ። እንደዚያ ከልባቸው ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ከመላጊያው አፍ አንድ ክንድ የሚሆን የጣውላ ልጣጭ ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ ወጣላቸው። አነሱት፣ አሸተቱት፣ ለእኔም አሸተቱኝ። "ይኸንን ሳላውቅ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት ጸሐፊ! ሃምሳ አራት ዓመት!" አሉኝ። ደስታቸው የሕፃን ነበር። እኔ ግን መዳፋቸውን ነበር የማየው።

መዳፋቸው እንደተባለው ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ጠጠረ። እኔ ምን ያላደረግኩት አለ? ቅቤ አመጣሁ፣ ቫዝሊን አመጣሁ፣ ማር በወተት ለውሼ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት አስነከርኳቸው። ዝንብ ተሰበሰበ እንጂ ምንም አልለሰለሰም። አቶ አምኃ ወሬውን ሰምተው ወንዝ ተሻግረው መጡና በሹክሹክታ መከሯቸው። "እኔ የቤቴን በር ነቅዬ ቀለም አስቀባሁት። የተማሪዎች ሥራ ነው እላለሁ፤ ማን ያውቃል? ያንቺንም የቤትሽን በር አስነቅይና እጅሽን አድኚ እንጂ።"

"የእኔ ቤት በር አይዘጋም" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። "ደግሞ ቢዘጋስ፣ ለልጆቹ ምን እላቸዋለሁ?"

የመዳፍ ቀን ዋዜማ እኔ ተንበርክኬ ለመንኳቸው። "ታምሜአለሁ ብለው ይቅሩ! አንድ ቀን ነው!"

"ሊቀ ጠመኔው ያልቆመበት በር አይቆጠርም ይላል ደብዳቤው። አንተ አይደለህ ያነበብክልኝ? በል ተነስ፣ ሱሪህ ቆሸሸ።"

ቀኑ ደረሰ። በዓሉ በእኛ ግቢ ሆነ፤ ሌሎቹ በራቸውን ከነመቃኑ ተሸክመው መጡ። መዳፍ ተመልካቹ ወፍራም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሐር ጎትተዋል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በሮቹ ታዩ፣ መዳፍ ከዚያ በኋላ። ከአሥራ አንዱ ትምህርት ቤት ስድስቱ በር ማሳየት አልቻሉም፤ ሦስቱ በር አላቸው ግን አይዘጋም። የአቶ አምኃ በር ተዘጋ፣ ተጨበጨበ። እዚያው መዳፋቸውንም ዘረጉና ሐሩ እንደ ዘይት ተንሸራተተ።

ቀጥሎ ወደ እኛ መጡ። በሩ ሰባተኛ ክፍል ላይ ተገጥሟል። ሹሙ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ያለ ድምፅ ተከፈተ። ብቻቸውን ገቡና ከውስጥ ዘጉት። ግጥም አለ። እኛ ውጭ ቆመን ጠበቅን። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሕዝቡ መንሾካሾክ ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ላብ በላብ ሆንኩ፣ እንደዚያኛው በር ቀርቅሮባቸው ይሆን ብዬ። ጥሩወርቅ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ፊታቸው ተለውጦ ብቅ አሉ።

"ውስጡ ጸጥ ያለ ነው" አሉ። "ነፋስ የለም። የሰው ድምፅ የለም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።" ትንሽ አሰቡና "እንደገና ልግባ?" ብለው ጠየቁ። ገብተውም ትንሽ ተቀምጠው ወጡ።

"ማን ሠራው?"

"እኛ" አሉ ልጆቹ በአንድ አፍ።

"መሪያችሁስ?"

ወይዘሮ ትርንጎ ወደፊት ራመድ ብለው ሳይጠየቁ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሹሙ መዳፉን አዩት፤ እሳቸውንም አዩዋቸው። ሐሩን አንስተው በወይዘሮ ትርንጎ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። ሐሩ ያዘ። ጎተት አደረጉት፤ አልመጣም። ጠንከር ሲያደርጉት አንድ ክር ተመዝዞ ከመዳፋቸው ላይ ቀረ።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ በሕጉ መሠረት..." ብለው ሹሙ ጀመሩ።

"ገባኝ" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ አገጫቸው ግን ቀና እንዳለ ነው። "በሩ ግን ይዘጋል፣ አይደለም?"

"ይዘጋል።"

"እንግዲያው ይጻፍ። ጸሐፊ፣ ምን ትጠብቃለህ?"

ጻፍኩ። ወረቀቱ ላይ እንባዬ እየተንጠባጠበ፣ "የዚህ ትምህርት ቤት በር ይዘጋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አይዘጋም" ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው መስመር ደግሞ ሊቀ ጠመኔዋ መሻራቸውን ጻፍኩ። ልጆቹ እስከ ቤታቸው ድረስ ሸኟቸው። ሻንጣውን ልቀበላቸው ብል "ይኸው እጅ አለኝ" ብለው ከለከሉኝ።

ወር ሙሉ ከቤት አልወጡም። ሰው ሊጠይቃቸው ሲሄድ ደህና ነኝ ይላሉ፣ ግን ደህና አልነበሩም። ለሃምሳ አራት ዓመት ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ማጣት ቀላል አይደለም። እኔም አዲስ አለቃ እስኪመጣ ድረስ ባዶ ወንበር ሳይ እውል ነበር። ወርክሾፑን ማንም አልከፈተውም።

ከዚያ ከሰሌዳ ቤት ሌላ ደብዳቤ መጣ። የሚዘጋ በር ያሳየ ትምህርት ቤት ሁሉ "መምህረ እጅ" የሚባል የሙያ አስተማሪ ይቀጥራል ይላል። መምህረ እጅ ለመሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛ፣ አሥራ ሁለቱን ክፍል ጨርሶ የሙያ ፈተናውን ማለፍ፤ ሁለተኛ፣ መዳፉ ሐር የሚይዝ መሆን። እንደዚህ ያለ ሰው በመላ አገሪቱ ተፈለገ። ፈተናውን ያለፉት ሁሉ መዳፋቸው ለስላሳ ሆነ። መዳፋቸው የሻከረው ሁሉ ፈተናውን አልተቀመጡም፤ የተቀመጡት አንዱ ደግሞ ሠላሳ አንድ ነው ያመጡት። ስለሆነም፣ ይላል ደብዳቤው፣ በአገሪቱ ይህን የሚያሟላ አንድ ሰው ብቻ መገኘቱ ተረጋግጧል፤ ይህም በቅርቡ በጥፋት የተሻሩት ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው።

በሕይወቴ የገለበጥኩትን ደብዳቤ ሁሉ ሰብስባችሁ ብታቃጥሉት ግድ የለኝም፤ ይኸኛው ግን ይቅርልኝ። ይዤው ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ! ወይዘሮ ትርንጎ ቆመው አነበቡት፣ ተቀምጠው አነበቡት። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩትና "እሰይ የኔ ሻካራ!" አሉ። በማግስቱ ወርክሾፑን ከፈቱ።

ጋሽ ድንቁም አብረዋቸው ገቡ። ፈተናውን ደግመው ይውሰዱ ብንላቸው "ሠላሳ አንዷ ትበቃኛለች" ብለው እምቢ አሉ። መላጊያው ሲያፏጭ ድምፁ ግንቡ ድረስ ይሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት ተጠባባቂዎቹ አንገታቸውን እያስረዘሙ ያዩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ወረደ። የወረደው ደግሞ ጥላ ሥር ደርሶ የተደገሰለት ነበር! እናቱ እሪ አለች። ልጁ ግን ወርክሾፑ በር ላይ ቆመና "እትዬ፣ እኔ ሒሳብ እችል ነበር፤ ለልኬት አልሆንም?" አለ። እስከ ክረምቱ መግቢያ ግንቡ ላይ ከቀሩት ይልቅ የወረዱት በዙ። የከተማው ጣሪያ ማፍሰሱን ቀነሰ። ጥሩወርቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባች፤ የአባቷን ቤት በር የሠራችው ራሷ ናት፣ አባትየውም ለመጣው እንግዳ ሁሉ እየከፈቱና እየዘጉ ያሳያሉ።

አዲሱ ሊቀ ጠመኔ የመጡት በዚህ መሐል ነው። አቶ ኢዮስያስ ይባላሉ፤ ወጣት ናቸው፣ መዳፋቸው ጥጥ ነው። ሕጉ እንደሚያዘው ከሙያው ጋር ሊተዋወቁ አዲስ ደብተር ይዘው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሙ። እኔ ከጀርባቸው ነኝ። ወይዘሮ ትርንጎ አንድ ረጅም ጣውላ ሞርሳ ላይ አስረው ይልጋሉ፤ የወዲያኛው ጫፍ የሚይዘው ጠፍቶ ይዘምማል።

"ከምን ልጀምር መምህርት?" አሉ አቶ ኢዮስያስ። "ምን ምን ልጻፍ?"

"ያንን ጫፍ ይያዙልኝ።"

አቶ ኢዮስያስ ወደ እኔ ዞሩ። ላብ ጀምሯቸዋል። "ጸሐፊ፣ የመዳፍ ቀን መቼ ነው?"

"ገና አሥር ወር አለው ጌታዬ።"

 ወርክሾፑ ውስጥ ያሉትን ልጆች አዩ፤ ልጆቹም ሥራቸውን አቁመው ያዩዋቸዋል። ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝና እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የጣውላውን ጫፍ ያዙ።

"ጠበቅ ያድርጉት" አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። "ከእጅዎ ያመልጣል።"

ጠበቅ አደረጉት።